ጡረታን በመንገድ ላይ ለማሳለፍ፦ አርቪ፣ ትንሽ ጀልባ ወይስ ሞተር ሳይክል?

ጡረታ ልወጣ ስድስት ወር ሲቀረኝ የልቤን ለባለቤቴ ነገርኳት። «ሠላሳ ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ ሰው ሳመላልስ ኖርኩ፤ ከእንግዲህ አንቺን ይዤ አገር ማየት ነው የምፈልገው» አልኳት። በአርቪ (አልጋና ማዕድ ቤት ባለው የጉዞ መኪና) ይሁን፣ በትንሽ ጀልባ ይሁን ወይም በሞተር ሳይክል፣ ገና አልወሰንኩም ነበር። ሰምታኝ ስታበቃ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማታ የት ነው የምንተኛው?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስቱንም እየተከራየን ሞከርን። አሁን ሰው ምክር ሲጠይቀኝ እኔም የምጀምረው ከዚያች ጥያቄ ነው። ቀን ቀን ሦስቱም ደስ ይላሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ሲመሽ ነው። ይህን የጻፍኩት እዚህ አሜሪካ ኖረው፣ ልጆች አድርሰው፣ «አሁንስ አገሩን ልየው» ለሚሉ ወገኖች ነው።

አንድ መንገድ፣ ሦስት ሂሳብ

ለማወዳደር እንዲመች አንድ መንገድ እንያዝ። ብርዱን ሸሽቶ ከዋሽንግተን ማያሚ መውረድ። በአውራ ጎዳና 95 ወደ 1,050 ማይል ይሆናል።

በትልቅ ሞተር 3 ቀን ይበቃል። በጋሎን 40 ማይል ቢሄድ 26 ጋሎን ገደማ ይፈጃል። በመካከለኛ አርቪ ሳይቸኩሉ 4 ወይም 5 ቀን ነው። በጋሎን 10 ማይል ቢሄድ 105 ጋሎን።

ጀልባ ሌላ ነገር ናት። ኢንትራኮስታል የሚባለው የውስጥ የውሃ መንገድ ዜሮ ማይሉ ኖርፎክ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከዚያ እስከ ማያሚ 1,090 ማይል አካባቢ አለው። በሰዓት 8 ማይል የምትሄድ ትንሽ ጀልባ በቀን 50 ማይል ብትጓዝ 22 ቀን ሙሉ መንገድ ላይ ናት። ነፋሱ አላስወጣ ያለባችሁን ቀን ስትጨምሩበት ከወር ያልፋል። ነዳጁም ቢሆን በዝግታ እየሄዱ በጋሎን ከ2 እስከ 3 ማይል ነው። ከ360 እስከ 550 ጋሎን ማለት ነው።

ይህን ያየ ሰው «በቃ፣ ሞተር ነው የሚያዋጣው» ይላል። ሲመሽ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። ሞተረኛ በየሌሊቱ ሞቴል መክፈል አለበት። ሌሊቱን በ100 ዶላር ብታስቡት፣ ሦስት ወር ፍሎሪዳ መክረም 9,000 ዶላር ነው። መልህቅ ጥላ የምታድር ጀልባ በአብዛኛው ምንም አትከፍልም። ማሪና፣ ማለትም የጀልባ ማቆሚያ ወደብ፣ ከገባች ግን በርዝመቷ ልክ ትከፍላለች። አርቪ ከሁለቱ መሀል ነው። ውሃና መብራት ያለው የግል ካምፕ ግራውንድ ከ50 እስከ 100 ዶላር ይጠይቃል። የመንግሥት ካምፕ ከዚያ በጣም ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት አንድ ነገር አለ። 62 ዓመት የሞላው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ የብሔራዊ ፓርኮች ፓስ ያገኛል። የአንድ ዓመቱ 20 ዶላር ነው። በአንድ መኪና አብሯችሁ ያለው ሰውም በእናንተ ፓስ ይገባል። በብዙ የፌዴራል ካምፖች ደግሞ የማደሪያው ዋጋ በግማሽ ይቀንሳል። አርቪ ገዛችሁም አልገዛችሁም ይህን ፓስ አውጡ።

አርቪ፦ ቤቱ ራሱ ሲጓዝ

ገበያ ስትወጡ ክላስ ኤ፣ ክላስ ቢ፣ ክላስ ሲ የሚል ትሰማላችሁ። ኤ አውቶቡስ የሚያክለው ነው። ቢ ቫን ነው፤ ውስጡ ወደ ቤት የተቀየረ። ሲ ደግሞ ከሹፌሩ ራስ በላይ አልጋ ያለው ነው። በፒክአፕ የሚጎተተው ተሳቢም አለ፤ ጠንካራ ፒክአፕ ላለው ሰው ከሁሉም ረክሶ ይገኛል።

ቫኑን ሰው ሁሉ ይወደዋል። ለመንዳት ይቀላል፣ የትም ይቆማል። እኛ ግን አምስት ሌሊት አደርንበትና ሐሳባችንን ቀየርን። አልጋው የሚዘረጋው ጠረጴዛው ታጥፎ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዳችን ወደ መታጠቢያ ቤት ስንነሳ ሌላው አብሮ ይነሳል። በእኛ ዕድሜ ደግሞ በየሌሊቱ መነሳት አይቀርም። ስለዚህ ምክሬ ቋሚ አልጋ ያለው፣ 24 ጫማ አካባቢ የሆነ ያገለገለ ክላስ ሲ ነው። ከ26,000 ፓውንድ በታች ስለሆነ በብዙ ግዛቶች ተራው መንጃ ፈቃድ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ምጣዱ። የተከራየነው አርቪ 30 አምፔር ነበር። ይህ ማለት ባለ 120 ቮልቱ መስመር ቢበዛ 3,600 ዋት ይሸከማል። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን 1,500 ዋት ይስባል። ኤሲው ሌላ 1,500 ገደማ። የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ከሆነ 1,400 አካባቢ። ሼናንዶዋ አካባቢ ባደርንበት የመጀመሪያ ማታ ባለቤቴ ሁለተኛውን እንጀራ ስታሰፋ ሁሉም ነገር ድርግም አለ። ብሬከሩ ወርዶ ነው። ኤሲውን አጥፍተን፣ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ ቀይረን፣ መስኮት ከፍተን ጋገርን። እንጀራ መንገድ ላይ ለመጋገር የምታስቡ ከሆነ ወይ 50 አምፔር ያለውን ፈልጉ፣ ወይ ምጣዱን ውጭ ጠረጴዛ ላይ ከካምፑ መሰኪያ ጋር አገናኙት። ውጭ መጋገሩ በኋላ ልማዳችን ሆነ። አላፊ አግዳሚው እየቆመ ይጠይቃል፤ ባለቤቴም ቆርሳ ታቀምሳለች።

ከሰል ግን በፍጹም ውስጥ አታቀጣጥሉ። ለቡናም ሆነ ለዕጣን። አርቪና ጀልባ ጠባብና ድፍን ናቸው። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይዱ ተኝተው ሳሉ ይገድላል። ጀበናውን ውጭ ጣዱ። ማስጠንቀቂያ ደወሉንም ሁልጊዜ ከመተኛታችሁ በፊት ፈትሹት።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምንኖር ሁለት የመንገድ ነገሮች ልንገራችሁ። የባልቲሞር ሁለቱ የውሃ ስር መሿለኪያዎች በተለመደው የአርቪ ልክ ፕሮፔን የያዘ ተሽከርካሪ አያስገቡም። ድሮ አርቪዎች በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ይሻገሩ ነበር። ድልድዩ በማርች 2024 ከወደቀ ወዲህ በአውራ ጎዳና 695 በምዕራብ በኩል መዞር ነው። ሁለተኛው ስካይላይን ድራይቭ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ መሿለኪያ ነው። ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ብቻ ነው። መካከለኛ ክላስ ሲ ያልፋል፤ ረጃጅሞቹ ተሳቢዎች ግን ላያልፉ ይችላሉ። የገዛችሁትን ኤሲው ድረስ ለኩና ቁጥሩን ጽፋችሁ ከመሪው በላይ ለጥፉት። ደክሟችሁ ድልድይ ስር ስትደርሱ በልባችሁ የምትፈልጉት አይሆንም።

ያገለገለ አርቪ ስታዩ ሞተሩን መካኒክ ይየው። እናንተ ውሃ ፈልጉ። የአርቪ ትልቁ ጠላት በጣራ የሚገባ ውሃ ነው። ሰውነቱ ብዙ ጊዜ ቀጭን እንጨትና ሙጫ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከረጠበ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ከላይ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያምራል። ከአልጋው በላይ ያሉትን ማዕዘኖች በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጉ። ግድግዳው እንደ ራሰ ድፎ ዳቦ ከገባላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ቁም ሳጥኑን ከፍታችሁ አሽትቱ። መጀመሪያ ባየነው አርቪ ላይ ሻጩ የሽቶ ካርቶን በየቦታው ሰቅሎ ነበር፤ ከአልጋው ስር ያለው ጣውላ ግን በጣቴ ተፈረፈረ።

ጎማው ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ በኋላ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አርቪ ብዙ ስለሚቆም ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። ጥርሱ አዲስ መስሎ 8 ዓመት የሆነው ጎማ አውራ ጎዳና ላይ ይፈነዳል። የስድስት ጎማ ዋጋ ከድርድሩ ላይ ቀንሱ።

ጀልባ፦ ቀስ ያለው መንገድ

አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች ነን። ዋና የማይችል ሰው ጀልባ ልግዛ ሲለኝ መጀመሪያ ዋና ተማር እለዋለሁ። ዕድሜ አያግደውም፤ በየሰፈሩ መዋኛ ውስጥ ለትላልቅ ሰዎች ያስተምራሉ። ባሕር ዳር ተወልዶ፣ ደንገል ታንኳ ሲቀዘፍ እያየ ያደገ አንድ ወዳጅ አለኝ። እሱ ውሃ ላይ ሲሆን ፊቱ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጀልባ ይገዛ ዘንድ ማባበል አያስፈልገውም።

እኛ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ አራት ቀን ሞከርነው። ዋይ ወንዝ ውስጥ መልህቅ ጥለን ያደርንበት ሌሊት በሕይወቴ ካየኋቸው ሌሊቶች ሁሉ ጸጥ ያለው ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የሚሰማው ውሃው የጀልባዋን ሆድ ሲልስ ብቻ ነው። ባለቤቴ ሻሿን አስራ ጎህ ሲቀድ ከጀልባዋ ጫፍ ላይ ጸሎቷን አደረሰች። እኔ ግን ያን ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ። መልህቁ ይዞ ይሆን እያልኩ የባሕሩን ዳር መብራት ከመስኮቱ ጋር እያስተያየሁ ነበር። በአርቪ የእጅ ፍሬኑን ይዛችሁ ትተኛላችሁ። በጀልባ ግን አንድ ጆሮ ሁልጊዜ እንደነቃ ነው።

በማግስቱ ሰፊው ባሕረ ሰላጤ ላይ ስንወጣ ነፋስ መጣ። ቼሳፒክ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ በአማካይ 21 ጫማ ብቻ ነው። ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ትንሽ ጀልባን ያንገጫግጫል። ባለቤቴ ሁለት ሰዓት ሙሉ ታመመች። ባልና ሚስት ሁለቱም ውሃ ካልወደዱ ጀልባ አይገዛም። አንዱ ለሌላው ብሎ የሚችለው ነገር አይደለም።

ሰውነታችሁንም ፈትኑት። ጀልባ ላይ አቀበትና ደረጃ ብዙ ነው። ገመድ ይዞ ወደ ማሪናው መራመድ፣ ሞተሩ ጋ ለመድረስ ወለል ከፍቶ መንበርከክ አለ። ከመግዛታችሁ በፊት በሙቅ ቀን ውሃ ውስጥ ገብታችሁ በጀልባዋ መሰላል ብቻችሁን መውጣት ትችሉ እንደሆነ እዩ። ካልቻላችሁ ያች ጀልባ ለእናንተ አትሆንም፤ ሌላ መሰላል ያላት ትፈለግ።

ለጡረተኛ የምመክረው በተሳቢ የምትጎተተዋን ነው። ወርዷ 8 ጫማ ከ6 ኢንች ካላለፈ ያለ ልዩ ፈቃድ አውራ ጎዳና ላይ መጎተት ይቻላል። ሬንጀር ታግስ የሚሠራት 25 ጫማዋ ልኳ ይኸው ነው። አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ አላት፤ ግን ከባድ ስለሆነች ትልቅ ፒክአፕ ትፈልጋለች። ሲ-ዶሪ 22 በጣም ቀላልና ርካሽ ናት፤ የቤት ምቾት ግን አትጠብቁባት። እንዲህ ያለች ጀልባ ያለው ሰው ኖርፎክ ድረስ ጎትቶ፣ የወደደውን ያህል ሄዶ፣ ሲበቃው በተሳቢ ይመለሳል። ብርድ ሲመጣ ግቢው ውስጥ ያቆማታል። የማሪና ወርሃዊ ክራይ የለበትም።

ያገለገለች ጀልባ ያለ ሰርቬየር አትግዙ። ሰርቬየር ማለት በራሳችሁ ገንዘብ የምትቀጥሩት መርማሪ ነው። ከውሃ አስወጥቶ ሆዷን እየቆረቆረ ያዳምጣል። ኢንሹራንሱም ብዙ ጊዜ የእሱን ወረቀት ይጠይቃል። ሻጩ «እኔ የማውቀው ሰው አለ» ካላችሁ እምቢ በሉ። ከዚያ በኋላ ለዓመት ጥገና ከዋጋዋ 10 ከመቶ ያህል መድቡ፤ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ሁሉ የሚሉት ልክ ይኸው ነው። ብዙ ኢንሹራንሶች ደግሞ በከባድ አውሎ ነፋስ ወራት፣ ማለትም ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ባለው ጊዜ፣ ጀልባዋ ወደ ደቡብ እንዳትወርድ ገደብ ያስቀምጣሉ። ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ።

ስለ ፈቃድ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ 10 ፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ያለው ጀልባ የሚነዳ ሰው ሁሉ የጀልባ ደኅንነት ትምህርት መውሰድ አለበት። ሜሪላንድ ይህን የምታስገድደው ከጁላይ 1፣ 1972 ወዲህ የተወለዱትን ነው። እዚያ እኛ ሽማግሌዎቹ ነጻ ነን፤ ቢሆንም ተማሩ።

ልብ ያላቸው ግሬት ሉፕ የሚባለውን ይዞራሉ። በሐድሰን ወንዝ፣ በኢሪ ቦይ፣ በታላላቆቹ ሐይቆች፣ በሚሲሲፒ አልፎ በፍሎሪዳ የሚመለስ ወደ 6,000 ማይል የሚሆን ዙር ነው። ብዙ ሰው አንድ ዓመት ይወስድበታል። ይህን የምታስቡ ከሆነ የጀልባዋን ቁመት አሁኑኑ አስቡ። ኢሊኖይ ውስጥ ከፍታው 20 ጫማ የማይሞላ፣ የማይከፈት ድልድይ አለ፤ መዞሪያ የለውም።

ሞተር ሳይክል፦ ለሚያውቀው ብቻ

ሞተር በወጣትነቴ አዲስ አበባ ነድቻለሁ። እዚህም የኤም ፈቃድ አለኝ። ስለዚህ የምለውን ከፍቅር ቁጠሩልኝ። ዕድሜው ከ60 ካለፈ በኋላ ሞተር የሚጀምር ሰው ለረጅም ጉዞ ባይገዛ ይሻለዋል።

ምክንያቴ ግልጽ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሚሄደው ማይል ሲሰላ ሞተረኛ ከመኪና ተሳፋሪ ይልቅ በአደጋ የመሞት ዕድሉ ከ20 እጥፍ በላይ ነው። በዚያ ላይ የሽማግሌ አጥንት ቶሎ አይገጥምም። አንገት እንደልብ ዞሮ ጎን አያይም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሄልሜት በሕግ ያስገድዳሉ። ፍሎሪዳ 21 ዓመት ያለፈውንና የሕክምና ኢንሹራንስ ያለውን ሰው ያለ ሄልሜት እንዲነዳ ትፈቅድለታለች። ፍሎሪዳ ስትገቡ ሰዎች ራቁት ጭንቅላታቸውን ሲነዱ ብታዩ እናንተ አታውልቁ።

ለቆየ ሞተረኛ ግን ደስታው ወደር የለውም። ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ከቨርጂኒያ እስከ ሰሜን ካሮላይና 469 ማይል ነው። ፍጥነቱ ከ45 ማይል አይበልጥም። የጭነት መኪና የለበትም። ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ሲቀላ በአርቪ መስኮት ማየትና በሞተር መሀሉ መግባት አንድ አይደለም። ሽታው ሳይቀር ይመጣላችኋል።

ሁለት ሰው ለሚጓዝበት ሆንዳ ጎልድ ዊንግ የታወቀ ነው። ከ1975 ጀምሮ አለ። የዛሬው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 1,833 ሲሲ ሞተር አለው። ወደ ኋላም ይሄዳል፤ ይህ ለጉልበታችን ትልቅ ነገር ነው። የኋላው ወንበር እንደ ሶፋ ነው። ክብደቱ ግን ከ800 ፓውንድ በላይ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩን አጥፍታችሁ ትንሽ ዘንበል ባለ መሬት ላይ ወደ ላይ ለመግፋት ሞክሩ። ካቃታችሁ ነዳጅ ማደያ ውስጥ አንድ ቀን ይወድቅባችኋል። ባለ ሦስት ጎማዎቹ፣ የሃርሊው ትራይ ግላይድና ካን-አም ስፓይደር፣ ሲቆሙ አይወድቁም። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው እነሱን እመርጣለሁ።

ስንቅ ላይ ሞተር እኛን ወደ አያቶቻችን ይመልሰናል። ቦታ ስለሌለ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎና ትንሽ የሽሮ ዱቄት ነው የሚያዘው። አንድ ብረት ድስትና ትንሽ የጋዝ ምድጃ ካለ ድርቆሽ ፍርፍር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ያን ፍርፍር ፓርክዌዩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በልተነዋል።

መሀሉን ለሚፈልግ አንድ ሐሳብ አለኝ። አርቪ ገዝታችሁ ከኋላው ትንሽ ሞተር ጫኑ። ሆንዳ ትሬል 125 ከ260 ፓውንድ በታች ነው። ካምፑ ከደረሳችሁ በኋላ ገበያ ለመሄድ፣ ጠባቧን መንገድ ለማየት በቂ ነው። አውራ ጎዳና ላይ ግን አይወጣም። ስትገዙ መጫኛው የሚችለውን ክብደት አረጋግጡ።

ከመግዛታችሁ በፊት ሜዲኬራችሁን እዩ

ሜዲኬር፣ ማለትም መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ የዋጋ ያህል ወሳኝ ነው። ኦሪጅናል ሜዲኬር ያለው ሰው ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም ባለበት ሁሉ፣ በማንኛውም ግዛት ይታከማል። በግል ኩባንያ በኩል የሚመጣው ሜዲኬር አድቫንቴጅ የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰፈሩ ሐኪሞች የታጠረ ነው። ድንገተኛ ሕመም የትም ይሸፈናል። የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ግን አሪዞና ሆናችሁ ላይሸፈን ይችላል። ወደ ኦሪጅናል መመለስ ይቻላል፤ ኦሪጅናሉ ያልከፈለውን ቀሪ የሚሸፍነውን ተጨማሪ ኢንሹራንስ፣ ሜዲጋፕን፣ ለመግዛት ግን በብዙ ግዛቶች የጤና ጥያቄ ይመጣል። 65 ሞልቶ ፓርት ቢ (የሐኪም ወጪ የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል) ሲጀመር ባሉት ስድስት ወራት ግን ማንም በሕመማችሁ ምክንያት አይከለክላችሁም። መጓዝ የምታስቡ ከሆነ ያኔ ወስኑ። ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ በአብዛኛው እንደማይሠራም አትርሱ፤ ጀልባዋን ይዛችሁ ባሃማስ ብትሻገሩ ወይ አዲስ አበባ ብትሄዱ የጉዞ ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛል።

እኛ የገዛነው

ዕድሜው 8 ዓመት የሆነ፣ 24 ጫማ፣ ክላስ ሲ። በብድር ሳይሆን በእጅ ባለው ገንዘብ። ብድር ከገባችሁበት ዋጋው ከዕዳው ቀድሞ ይወርዳል። ሻጮቹ እንደኛው ጡረተኞች ነበሩ። ባለቤቴ አንድ ነገር ለመነቻቸው። «ዝናብ የሚጥልበት ቀን እዚሁ ግቢያችሁ ውስጥ አንድ ሌሊት እንደርበት» አለች። ሰውየው ተገረመ፣ ከዚያ ፈቀደ። ሐሙስ ማታ ሄድን። ሌሊቱን ሙሉ ጣራውን ሲደበድበው አደረ። ሲነጋ መብራት ሳታበራ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ከአልጋው በላይ ያለውን ማዕዘን ዳሰሰችው። ከዚያ መዳፏን ጉንጬ ላይ አደረገችው። ደረቅ ነበር።